ፕሮክተር ምንድን ነው? በጅማ ሥራው እንዴት ይገኛል፣ እንዴትስ ይጀመራል?

ውጭ አገር የተማረ ሰው «ፕሮክተር» ሲባል ፈተና የሚጠብቅ መምህር ይመጣበታል። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ፕሮክተር ማለት የተማሪዎችን መኝታ ሕንፃ፣ በየዶርሙ ያለውን ንብረትና እዚያ የሚያድሩትን ተማሪዎች ተረክቦ የሚያስተዳድር ሠራተኛ ነው። ጥበቃ አይደለም። ጥበቃው የግቢውን በር ይይዛል፤ የፕሮክተሩ ሥራ ከብሎኩ በር ወደ ውስጥ ነው። መደቡ የሚገኘው በተማሪዎች አገልግሎት ሥር ሲሆን፣ በተማሪዎች ጉዳይ መሥራት ለሚፈልግ አዲስ ተመራቂ ጥሩ መጀመሪያ ነው።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተ ስለሆነ ግቢው አንድ ብቻ አይደለም። ዋናው ግቢ አለ፣ ግብርናው አለ፣ ቴክኖሎጂው ኪቶ ፉርዲሳ ነው፣ አጋሮም ግቢ አለ። ማስታወቂያው ላይ «የሥራ ቦታ» የሚለውን መስመር ሳያዩ መመዝገብ ጣጣ ያመጣል፤ አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ፕሮክተር ደግሞ በፈረቃ ሌሊትም ይገባል።

ተቋሙ የፌዴራል ስለሆነ ቅጥሩ በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ይመራል። ማስታወቂያ ሲወጣ የምዝገባው ጊዜ በ«ተከታታይ የሥራ ቀናት» ከተገለጸ ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም። ዲግሪውን፣ ትራንስክሪፕቱንና የሥራ ልምዱን ከነዋናቸውና ከነኮፒያቸው መያዝ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚወድቀው በሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው፦ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን መደብ፣ በስንት ደመወዝ የሚለው ካልተጻፈበት፣ ከግል ድርጅት ከሆነም የሥራ ግብር ስለመከፈሉ ካልጠቀሰ ላይያዝ ይችላል። የስም ፊደልም ያስቸግራል። የ12ኛ ክፍል ካርድ ላይ አንድ ዓይነት፣ ዲግሪው ላይ ሌላ ዓይነት ተጽፎ ከሆነ ከምዝገባው በፊት ማስተካከል ይሻላል።

ለቃለ መጠይቅ መዘጋጀት ያለበት እንዲህ ላለው ጥያቄ ነው፦ «ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ሁለት ተማሪዎች ተደባደቡ፤ ምን ታደርጋለህ?» «እቀጣቸዋለሁ» ያለ ተሳስቷል። ቅጣት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሥራ ነው። የፕሮክተሩ ድርሻ መገላገል፣ ጥበቃ መጥራት፣ የተጎዳውን ወደ ክሊኒክ ማድረስ፣ ያየውን ብቻ ከነሰዓቱ መዝገብ ላይ ማስፈርና ለአስተባባሪው ማሳወቅ ነው። የቢሮው ደብዳቤ በአማርኛ ቢጻፍም አፋን ኦሮሞ መቻል ጅማ ላይ ብዙ ነገር ያቀላል፤ ከጽዳት ሠራተኛው፣ ከከተማው ፖሊስና ልጁን ፍለጋ ከገጠር ከመጣ ወላጅ ጋር የሚያግባባው እሱ ነው። ለሴቶች ብሎክ ደግሞ ሴት ፕሮክተር ትፈለጋለች።

ያለፈ ሰው የጤና ምርመራና የጣት አሻራ ማስረጃ ያቀርባል፤ ንብረት የሚረከብ ስለሆነ ዋስም ሊጠየቅ ይችላል። በቀድሞው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የሙከራ ጊዜው 6 ወር ነበር፤ ውጤቱ ዝቅ ካለ 3 ወር ይጨመር ነበር። ሕግ ይሻሻላልና የቅጥር ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ማየት ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚከብደው ርክክቡ ነው። 60 ክፍል ያለው ብሎክ፣ በየክፍሉ 6 ተማሪ ቢያድር፣ 180 ተደራራቢ አልጋና 360 ፍራሽ አለው ማለት ነው፤ ሎከሩና ቁልፉ ሳይቆጠር። ይህን ሁሉ ወረቀት አይቶ «ተረክቤያለሁ» ብሎ መፈረም ጉድለቱን አብሮ መረከብ ነው። ከቀድሞው ፕሮክተርና ከንብረት ክፍል ሰው ጋር ክፍል በክፍል እየገቡ መቁጠር፣ እግሩ የተሰበረውን አልጋ «የተሰበረ» ብሎ ማስመዝገብ፣ በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) ወጪ ከሆነው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ቢፈጅም ፍሬሽ ተማሪዎች ከመግባታቸው በፊት ማለቅ አለበት፤ ሻንጣ የተሸከመ ሰልፍ በር ላይ ቆሞ ማንም አይቆጥርም።

በዓመቱ መጨረሻ ሌላው አጣብቂኝ ክሊራንስ፣ ማለትም ተማሪው የተረከበውን ንብረት ስለመመለሱ የሚፈረምለት ማረጋገጫ ነው። ተማሪው መኪና ሊያመልጠው ነው፣ «ፍራሹ ዶርም አለ፣ ጓደኛዬ ያስረክባል» ይላል። ያሳዝናል፤ ግን ፊርማው ካረፈ በኋላ ለጉድለቱ የሚጠየቀው የፈረመው ሰው ነው። ክፍሉ ድረስ ሄዶ አይቶ፣ ቁልፉን በእጅ ተቀብሎ ብቻ ይፈረማል።

ጅማ የራሷ የሆነ ነገርም አላት። የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ማኅበረሰብ ተኮር በመሆኑ ተማሪዎች ለሲቢቲፒ (ማኅበረሰብ ተኮር የሥልጠና ፕሮግራም) ወደ ማኅበረሰቡ ይወጣሉ፤ የጤና ተማሪዎች ደግሞ ለቲቲፒ (የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም) አጋሮ፣ ሸቤ፣ አሰንዳቦ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ሄደው ለሳምንታት ይከርማሉ። ዶርሙ ባዶ ሲሆን ላፕቶፕ ይጠፋል። ሳይወጡ በፊት ማን እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ ከትምህርት ክፍሉ ዝርዝር መቀበልና የታሸገውን በር በየፈረቃው ማየት ይገባል። ዝናቡም አይረሳም፦ ጣሪያ ካፈሰሰ ፍራሽ ሳይሻግት ለጥገና ማሳወቅ፣ እሱም በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ፣ ኮፒውንም በፋይል አስቀምጦ።

ቁልፍ የጠፋበት ተማሪ ሲመጣ ደግሞ ቅጂ ማስቀረጽ አይበቃም፤ በሩ ላይ ያለው የቁልፍ ጋን ራሱ መቀየር አለበት። የጠፋው ቁልፍ አሁንም ያንን በር ይከፍታል።