ዕጢው ጀርባ ላይ ሆኖ ለምን ደረት ይከፈታል?

ከደብረ ማርቆስም ሆነ ከፍኖተ ሰላም ሪፈር ተጽፎለት ባሕር ዳር የሚሄድ አስታማሚ ግራ የሚጋባበት ነገር ነው፤ ዕጢው ያለው አከርካሪ ላይ፣ ሐኪሙ የሚያወራው ደረት ስለመክፈት።

ዋናው ወሳኝ ዕጢው ያለበት ቦታ ነው። ሕብለ ሰረሰርን (በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚያልፈውን የነርቭ ገመድ) በሸፈነው ከረጢት ውስጥ ያለ ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በጀርባ በኩል፣ የአከርካሪው የኋላ አጥንት ተነሥቶ ነው። ከሌላ አካል የተሰራጨ ካንሰር ግን ብዙ ጊዜ የሚይዘው ከሕብለ ሰረሰሩ ፊት ያለውን አጥንት ነው። እዚያ ለመድረስ ሕብለ ሰረሰሩን መግፋት ሽባ ሊያደርግ ስለሚችል በደረት ወይም በጎን ይገባል።

አደጋውም እንደ መንገዱ ነው። በጀርባ ሲሆን የሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ሊያፈስ፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፤ ብዙ አጥንት ከተነሣ አከርካሪው ስለሚላላ ብሎን ይታሰርለታል። በደረት ሲሆን ስጋቱ ሳንባና ትልልቅ የደም ሥሮች ናቸው። በአንገት ፊት ከሆነ ድምፅ መጎርነንና የመዋጥ ችግር ሊመጣ ይችላል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ይተዋል።

ቀድሞ ጨረር የወሰደ ሰው ቁስሉ ቶሎ ስለማይድን ለቀዶ ሐኪሙ ይንገር። ከኩላሊት የተሰራጨ ዕጢ ደግሞ ብዙ ይደማል፤ ዘመድ ደም እንዲሰጥ ቢጠየቅ አይደንግጥ። እግር ከዛለ ወይም ሽንት እምቢ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያኑ ዕለት ሆስፒታል ነው።