«16 ለ8» ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

«እኔ 16 ለ8 ላይ ስለሆንኩ ካሎሪ አይመለከተኝም» ብሎ አንድ ሰው ጻፈልኝ። ይቺን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት መቁጠር ትቻለሁ። የዛሬዋን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

16 ለ8 ማለት በቀን ውስጥ 8 ሰዓት መብላት፣ በቀሪው 16 ሰዓት አለመብላት ነው። በቃ። ስለ ሰዓት እንጂ ስለ መጠን ምንም አይልም። ካሎሪ መቀነስ ደግሞ በየትኛውም ሰዓት ይሁን ሰውነት ከሚያቃጥለው ያነሰ መብላት ነው።

ሰውነትን እንደ መጋዘን አስቡት። ዕቃ የሚገባው በሩ ሲከፈት ብቻ ነው። የሚወጣው ግን ተኝታችሁም ጭምር፣ 24 ሰዓት ሙሉ ነው። በሩ በፊት 14 ሰዓት ክፍት ነበር፤ አሁን 8 ሰዓት ሆነ እንበል። ክምችቱ ይቀንሳል? ማታ ማታ ይመጡ የነበሩ መኪኖች በሩ ተዘግቶ አይተው ከተመለሱ፣ አዎ። እዚያው አድረው ጠዋት ተግተልትለው ከገቡ ግን ምን ተቀነሰ? 16 ለ8 የሠራለት ሰው ሞልቷል፣ አልክድም። የሠራለት ግን ማታ ቴሌቪዥን ፊት የሚቆረጥመው ነገር ስለቀረ ነው።

በ2022 የወጣ አንድ ጥናት አለ። ቻይና፣ ጓንዡ ውስጥ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸውን 139 አዋቂዎች ለ12 ወራት ተከታትሏል። ሁሉም ካሎሪ ቀነሱ። ግማሽ ያህሉ በዚያ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ እንዲበሉ ተደረገ። ሰዓት የተገደበባቸው በአማካይ 8 ኪሎ ቀነሱ፣ ሌሎቹ 6.3 ኪሎ። «ይኸው፣ 8 ይበልጣል!» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚም ይመጣል። ተመራማሪዎቹም ሰዓቱ የጨመረው ጥቅም አላገኙም። በ2023 ቺካጎ ውስጥ በተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ካሎሪ ሳይቆጥሩ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብቻ የበሉ ሰዎች ከሚቆጥሩት ጋር ተቀራራቢ ክብደት ቀነሱ። ለምን? ሳያስቡት በቀን 425 ያህል ካሎሪ ቀንሰው ነበር። መኪኖቹ ተመልሰው ሄዱ ማለት ነው።

«ግን እኔ በመጀመሪያው ሳምንት 2 ኪሎ ቀነስኩ» ይላል ያው ሰው። እሱ በር ላይ የተቀመጠው ዕቃ ነው። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስኳር መጀመሪያ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚሄደው። ስቡ ኋላ ነው ያለው፣ አልተነካም ለማለት ይቀላል።

ሰዓት ምንም ሚና የለውም አላልኩም። ኢንሱሊን፣ ማለትም ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባው ሆርሞን፣ ከማታ ይልቅ ጠዋት በደንብ ይሠራል። ይህ ግን የደም ስኳር ጉዳይ ነው። በመጋዘኑ ቋንቋ፣ የጠዋቱ ሠራተኛ ዕቃውን ቶሎ ቦታ ያስይዛል እንጂ የመጣውን ጭነት አያሳንስም። ስለ ስኳር ካነሳን አይቀር፦ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር ሕመም መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ሐኪማችሁን ሳታማክሩ 16 ሰዓት ሳትበሉ እንዳትቆዩ። መድኃኒቱ ሥራውን አያቆምም፣ ስኳራችሁ ይወርዳል። ነፍሰ ጡርም ይህን አትሞክር።

ባለፈው አንድ ታካሚ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞልኝ መጣ። «ከፈትኩ 6:00፣ ዘጋሁ 2:00»፣ በየቀኑ፣ በሁለት ቀለም እስክሪብቶ። አንድ ቀን አላዛነፈም። በሁለት ወር ግን ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ምን እንደሚበላ ስጠይቀው «ያው፣ ቀላል ነገር» አለኝ። ቀላሉ ነገር ሲዘረዘር ሊዘጋ ሲል የሚቆረጥማት ለውዝ ወጣች። 100 ግራም ለውዝ ከ550 ካሎሪ በላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ከከረጢቱ ነበር የሚበላው። በየምግቡ ላይ የሚያፈሰውን ዘይት ጭራሽ አልቆጠረውም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ካሎሪ አለው።

የሰዓቱን ዓምድ አላሰረዝኩትም፣ ለምዶታል። አጠገቡ በማስመሪያ ሌላ አሰመርንና «ስንት?» ብሎ ጻፈበት።