ጣሪያው ሳያፈስ ግድግዳው ለምን ይረጥባል? ስለ ጎጆ እርጥበትና ሻጋታ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ከመብራት መስመር ርቆ ትንሽ የእንጨት ጎጆ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ብርድ ነው። ሙቀት እንዳይወጣ ግድግዳው ውስጥ የሚሞላው ኢንሱሌሽን ይወፍራል፣ ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል። ከዚያ አንድ ቀን ፍራሹ ሲገለበጥ ከሥሩ ጥቁር ነጠብጣብ ይገኛል። እኔም የነቃሁት ፍራሽ ገልብጬ ነው። መፍትሔ ፍለጋ ስጠይቅ ከሰማኋቸው ምክሮች ብዙዎቹ ነገሩን የሚያብሱ ነበሩ።

«ውሃው የመጣው ከውጭ ነው»

ጣሪያውን ማየት አይከፋም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ውሃውን የምናመጣው እኛው ነን። ሁለት ሰዎች ተኝተው ሲያድሩ በትንፋሽና በላብ ብቻ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ወደ አየሩ ይለቃሉ። የሚፈላው ድስትና ቤት ውስጥ የተሰጣው ልብስ ሲጨመር ደግሞ አስቡት። ትልቅ ቤት ይህን ሁሉ ችሎ ያድራል። ጎጆ ግን ጠባብ ነው፣ ውሃው መሄጃ የለውም።

20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ ውሃ በተን መልክ ይይዛል። 0 ዲግሪ ላይ 5 ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሙቅ አየር ቀዝቃዛ መስታወት ወይም የሚስማር ራስ ሲነካ የተሸከመውን እዚያው ያራግፋል። ክፍሉ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ ከሆነ (አየሩ መያዝ ከሚችለው ውሃ 60 በመቶውን ይዟል ማለት ነው) ከ12 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሁሉ ያልበዋል። የፍራሹም ነገር ይኸው ነው። የሰውነታችን እርጥበት ወደ ታች ወርዶ ከቀዝቃዛ ጣውላ ጋር ይገናኛል፣ አየር ደግሞ አያገኘውም። ድፍኑን ጣውላ አንስቶ በርብራብ መተካት ብቻ ብዙ ይለውጣል። ቁምሳጥንንም ከውጭ ግድግዳው አራት አምስት ጣት ያህል ፈቀቅ ማድረግ ነው።

«ኢንሱሌሽን ካለ ሻጋታ የለም»

ኢንሱሌሽን የግድግዳውን ውስጠኛ ፊት ስለሚያሞቅ በጣም ይረዳል። ውሃ ግን አያስወጣም። ይባስ ብሎ እርጥብ አየር በስንጥቅ ሾልኮ ከኢንሱሌሽኑ ጀርባ ያለውን ቀዝቃዛ ሳንቃ ካገኘ፣ ማንም በማያየው ቦታ ሲያረጥብ ይከርማል።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ግድግዳውን በሁለቱም በኩል ላስቲክ እናልብሰው» የሚል አይጠፋም። አይሆንም! በመሀል የገባ ውሃ በየት ይውጣ? ላስቲኩ አንድ በኩል ብቻ ነው። ብርድ በሚበዛበት ቦታ በውስጥ፣ በሞቃቱ ወገን ይሆናል። ሙቀትና ወበቅ በሚበዛበት ቦታ ግን በውስጥ በኩል ማድረጉ ጉዳት ነው። ከላስቲኩም በላይ የሚያስፈልገው የሽቦ መግቢያውን፣ የመብራት ቀዳዳውንና መጋጠሚያውን መድፈን ነው። በጣውላው ውስጥ ሰርጎ ከሚያልፈው ተን ይልቅ በቀዳዳ ከአየር ጋር የሚሄደው እጅግ ይበልጣል።

«በብርድ መስኮት መክፈት ሙቀት መድፋት ነው»

ብዙ ሰው የሚከራከረኝ በዚህ ነው። «ውጭ ጉም ነው፣ እርጥበት ልታስገባ ነው?» ይሉኛል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። የ0 ዲግሪ አየር እስኪጠግብ ውሃ ቢይዝ እንኳ፣ ገብቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ ከ30 በመቶ በታች ይወርዳል። ማለትም ደረቅ አየር አስገባን ማለት ነው። ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶችን ጠዋትና ማታ ለአምስት ወይም ለአሥር ደቂቃ ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። የቤቱን ሙቀት ባብዛኛው የያዙት ግድግዳውና ዕቃው ስለሆኑ ክፍሉ ቶሎ ይሞቃል። ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርጎ መተው ግን የመስኮቱን ዙሪያ ከማቀዝቀዝ በቀር ብዙ አይረባም።

አንድ ቀን ብቻ ይለያል። ውጭ ሞቆ ሲወብቅ፣ ቤቱ ግን ገና ቀዝቃዛ ሲሆን። ያኔ ዝጉት።

«የጋዝ ማሞቂያ ቤት ያደርቃል»

ጭስ ማውጫ የሌለው ከሆነ ተቃራኒውን ያደርጋል። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ 1.6 ኪሎ ያህል ውሃ ይወጣዋል። ሲነድ ሊወጣ የሚችለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ደግሞ ከሻጋታ ይልቅ በአንድ ሌሊት የሚገድል ነገር ነው። ጭስ ማውጫ ያለው የእንጨት ምድጃ ተኑን ወደ ውጭ ይዞት ይወጣል፤ ንጹሕ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ብቻ አትንፈጉት። እርጥብ ማገዶ ግን ቤት ውስጥ አትከምሩ። እሱ ሲደርቅ ውሃው የሚሄደው ወደ እናንተ ነው።

«በረኪና ይጨርሰዋል»

እንጨት ላይ አይጨርሰውም። በረኪናው ላዩን ያነጣዋል፣ ውስጥ የገባው ይቀራል። በሳሙናና በውሃ ፈትጋችሁ በደንብ አድርቁት። የሞተ ሻጋታም አለርጂ ስለሚያስነሳ መጥረጉ አይቀርም። በረኪናን አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ግን መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

«እርጥበት የሚመጥ ማሽን ካለ በቂ ነው»

እንደ ፍሪጅ በኮምፕረሰር የሚሠራው ማሽን በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ይበላል፣ በብርድ ደግሞ ይደክማል። የትንሽ ጎጆ የሶላር ባትሪ ይህን አይችልም። እርጥበት የሚመጥ ጨው (ካልሲየም ክሎራይድ) ያለበት ዕቃ ለቁምሳጥን ይበቃል፣ ለሰው ማደሪያ ግን ቀልድ ነው። ጥቂት ዋት ብቻ የሚበላ ባለ 12 ቮልት ፋን ከምግብ ማብሰያው በላይ አየር ወደ ውጭ ቢገፋ ከሁለቱም ይሻላል።

«ዘግቼው ስሄድ ይደርቃል»

አፈሩ አብሯችሁ አይሄድም፤ እርጥበቱን ከሥር ወደ ጎጆው መልቀቁን ይቀጥላል። ከወለሉ ሥር ባዶ ቦታ ካለ መሬቱን 0.15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ላስቲክ ሸፍኑት። ፍራሹን አቁማችሁት፣ የቁምሳጥኑን በር ከፍታችሁት ሂዱ።

«ሽታው ይነግረኛል»

አፍንጫ ይለምዳል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል 50 ላይ ጠብቁት። ርካሽ መለኪያ ይዋሻል፤ መፈተኛው ግን ቀላል ነው። በጠርሙስ ክዳን ውስጥ ጨው በጥቂት ውሃ ጭቃ እስኪመስል ለውሱ። ከመለኪያው ጋር በፌስታል አሽጋችሁ አሳድሩት። ጠዋት 75 ማለት አለበት። 70 ካለ ጀርባው ላይ «5 ጨምር» ብላችሁ ጻፉበት።