ግራውንድ ሉፕ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

አሮጌ ባለቫልቭ አምፕ (በትራንዚስተር ፈንታ በመስታወት ቫልቭ የሚሠራ የድምፅ ማጉያ) ጎመጎመ ሲባል፣ ባህር ዳርም ሆነ ፍኖተ ሰላም የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ «ግራውንድ ሉፕ ነው።» ተከትሎ የሚመጣው ምክር ደግሞ ከፍርዱ ይብሳል፦ «የስፒናውን ኧርዝ ቁረጠው፣ ዝም ይላል።» ኧርዝ የሚባለው የመሣሪያውን ብረት ከመሬት የሚያገናኘው የደህንነት ሽቦ ነው። ሰሞኑን ይህንኑ በልበ ሙሉነት የጻፉ አንድ አስተያየት ሰጪ ምክሩን የለገሱት ክራርም ሚክሰርም ላልተሰካበት፣ ብቻውን ጥግ ይዞ ለሚያጉመተምት አምፕ ነው። ብቻውን የቆመ አምፕ ከማን ጋር ሉፕ ይሠራል?

ግራውንድ ሉፕ የሚፈጠረው ሁለት መሣሪያዎች ግራውንዳቸው (ከብረት አካላቸው ጋር የተያያዘው የሲግናሉ መመለሻ) በሁለት መንገድ ሲገናኝ ነው። አንዱ መንገድ የሲግናል ኬብሉ ሺልድ (ውስጡን ሽቦ የሚሸፍነው የብረት መረብ) ነው፤ ሌላው በየስፒናቸው የሚሄደው የኧርዝ ሽቦ። ሁለቱ መንገዶች ገጥመው ቀለበት ይሆናሉ። የሁለቱ ሶኬቶች ኧርዝ እኩል ቮልቴጅ ላይ ካልሆነ፣ ወይም የትራንስፎርመር መግነጢስ በቀለበቱ መሃል ካለፈ፣ ሺልዱ ውስጥ የ50 ኸርዝ ከረንት ይዞራል። የሺልዱ ሬዚስታንስ 0.1 ኦም ነው እንበል፤ 50 ሚሊአምፔር ሲያልፍበት 5 ሚሊቮልት ይፈጠራል። የክራር ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) የሚሰጠው በአሥር ሚሊቮልቶች የሚቆጠር ስለሆነ 5 ሚሊቮልት ቀላል ነገር አይደለም። አምፑ ደግሞ ይህን ከዜማው ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም እኩል ያጎላቸዋል።

ጤፍ ማሳ ላይ የሚወጣውን ፈሰስ፣ ትርፍ ውሃ የሚያስወጣውን ቦይ፣ አስቡ። የሁለት ጎረቤታሞች ፈሰስ አንድ መውረጃ ላይ ሲገናኝ እያንዳንዱ የራሱን ውሃ ይዞ ይወርዳል። ማሳዎቹ ከላይ በሌላ ቦይ ተያይዘው፣ ከታች መውረጃቸው የተለያየ እንደሆነና የአንዱ መውረጃ ከፍ ያለ እንደሆነ ግን፣ የዚያኛው ውሃ በማገናኛው ቦይ አድርጎ የጎረቤቱን ጤፍ እየጠረገ ዝቅ ወዳለው ይሄዳል። ማገናኛው ቦይ ሺልዱ ነው፤ ሁለቱ መውረጃዎች ሁለቱ ኧርዞች፤ የሚጠረገው ጤፍ ሲግናሉ። ኧርዙን ቁረጡ የሚሉን ሰው አንደኛውን መውረጃ መድፈናቸው ነው። ዝም ማለቱን አልክድም፤ የሚያቋርጥ ውሃ ይቀራል። ነገር ግን የሐምሌ ጎርፍ ሲመጣ፣ ማለትም የፓወር ትራንስፎርመሩ ኢንሱሌሽን ተበላሽቶ 220 ቮልት የአምፑን ብረት ሲነካ፣ መውረጃ የለም። ከአምፑ ብረት ወደ ኬብሉ ሺልድ፣ ከሺልዱ ወደ መሣሪያው የብረት ክር፣ ከክሩ ወደ ተጫዋቹ እጅ ይደርሳል። የተጫዋቹ ከንፈር ማይኩን ሲነካ ጎርፉ መንገዱን አገኘ።

ሊዘጋ የሚገባው ማገናኛው ቦይ ነው፤ ወይም ሁለቱ ማሳዎች ወደ አንድ መውረጃ ይምጡ። የሰርግ ድንኳን ውስጥ አምፑ ከሙሽራው ቤት ቆጣሪ፣ ሚክሰሩ ከጎረቤት ቆጣሪ ሲጎተት እውነተኛው ግራውንድ ሉፕ ይወለዳል። ሁለቱን በአንድ ኤክስቴንሽን ላይ መሰካት ወጪ የለውም፤ ብዙውን ጊዜም ይበቃል። ካልበቃ በሲግናል ኬብሉ መሃል 1 ለ 1 የሆነ የድምፅ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ይግባ፣ ወይም ዲአይ ቦክሱ (መሣሪያውን ከሚክሰሩ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ሳጥን) ላይ ያለው የግራውንድ ሊፍት ማብሪያ ይጫን። ይህ ማብሪያ የሚያቋርጠው የሲግናሉን ሺልድ ብቻ ነው፤ የመብራቱን ኧርዝ አይነካም። ከመሰካቱ በፊት ደግሞ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጎ በሁለቱ መሣሪያዎች ብረት መካከል መለካት ግድ ነው። ከ10 ቮልት በላይ ካነበበ ጉዳዩ ከድምፅ ጥራት አልፏል፤ መስመሩን ኤሌክትሪሺያን ሳያየው አንድም ኬብል አይሰካ።

«ለአምፑ ብቻ ሌላ የኧርዝ ዘንግ ቅበሩ» የሚሉም አሉ። ድምፅ ጸጥ እንዲል አፈር መንካት አያስፈልገውም፤ በባትሪ የሚሠራ አምፕ ከምድር ጋር ሳይገናኝ ጸጥ ብሎ ይሠራል። ከቤቱ ኧርዝ ጋር ያልታሰረ ሁለተኛ ዘንግ እንዲያውም ሁለተኛ መውረጃ መቆፈር ነው፤ ያልነበረውን ሉፕ ይፈጥራል። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ የዘንግ ሬዚስታንስ ስለሚጨምር በክረምት ደህና የነበረው ዘንግ መጋቢት ላይ ይዳከማል።

ሉፕ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ከስፒከሩና ከመብራቱ በቀር ሁሉንም ኬብል መንቀል፣ ቮሉሙን ዜሮ ማድረግ ነው። ጉምጉምታው ከቀጠለ ከውጭ መሣሪያ ጋር የተሠራ ሉፕ አይደለም፤ ነገሩ እዚያው አምፑ ውስጥ ነው። ቀጥሎ ድምፁን መስማት። እኛ አገር መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ ከውጭ ቪዲዮ የተቀዳው «60 እና 120» እዚህ አይሠራም፤ የእኛ 50 እና 100 ነው። የስልክ ማይክ 50 ኸርዝን በደንብ ስለማይሰማ በስልክ መተግበሪያ ከመለካት ጊታር ይሻላል። በደንብ የተቃኘ ጊታር ወፍራሙ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ 98 ኸርዝ ይሰጣል፤ የቤዝ ጊታር ወፍራም ክር እዚያው ሦስተኛ ፍሬት ላይ 49። ጉምጉምታው ከጊታሩ ጋር ከገጠመ 100 ነው፤ ከቤዙ ጋር ከገጠመ 50።

100 ከሆነ ጥርጣሬው የሚወድቀው ፓወር ሰፕላዩ (የመብራቱን ኤሲ ለቫልቮቹ ወደ ዲሲ የሚቀይረው ክፍል) ላይ ነው። ሙሉ ሞገድ የሚያስተካክል ሬክቲፋየር (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው) ከ50 የሚያወጣው ሪፕል፣ በዲሲው ላይ የሚቀረው ሞገድ፣ 100 ስለሆነ፣ ሊያለሰልሱት የሚገባቸው የፊልተር ካፓሲተሮች ሲደርቁ የሚያሳልፉት ይህንኑ ነው። ከ1960ዎቹና 70ዎቹ የተረፈ አምፕ ኦሪጅናል ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮቹን ይዞ ካለ እንዳላበጡ አይቶ ማለፍ አይበቃም፤ ውስጣቸው ደርቆ ላያቸው ደህና ይመስላል። 16 ማይክሮፋራድ የነበረውን በ22፣ 32 የነበረውን በ33፣ 50 የነበረውን በ47 መተካት ይቻላል፤ ቮልቴጁ ከኦሪጅናሉ አይነስ፣ 500 ቮልት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። «ትልቅ ካደረግነው ጨርሶ ይጠፋል» ብሎ 220 ማይክሮፋራድ መግጠም ግን ሬክቲፋየሩን ቫልቭ ይገድላል፤ ጂዜድ 34 የተባለው ሬክቲፋየር ቫልቭ እንኳ የሚችለው የመጀመሪያ ካፓሲተር (ከሬክቲፋየሩ ቀጥሎ ያለው) እስከ 60 ማይክሮፋራድ ነው። አዲሱ የመጀመሪያ ካፓሲተር ነጌቲቩ ከትራንስፎርመሩ ሴንተር ታፕ (ከጥቅሉ መሃል የሚወጣው ሽቦ) ጋር እዚያው አጠገቡ ይታሰር። ኢንፑት ጃኩ ዘንድ ከታሰረ የቻርጅ ምቱ በፕሪአምፑ (ሲግናሉን መጀመሪያ የሚያጎላው ክፍል) ግራውንድ ላይ ያልፍና ዝዝ የሚል ሹል ድምፅ ያመጣል። ካፓሲተር ከተቀየረ በኋላ «ባሰበት» የሚባለው አብዛኛው ከዚህ ነው። ይህም ቢሆን ሉፕ አይደለም፤ ሁለት ከረንቶች አንድ ሽቦ በመጋራታቸው የሚመጣ ነው።

ከፍቶ ከመንካት በፊት ስፒናው ይነቀል። ከነቀሉትም በኋላ ካፓሲተሮቹ 400 ቮልትና ከዚያ በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። 10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ሽፋን ባለው ሽቦ ላይ በይዶ ከእያንዳንዱ ካፓሲተር ፖዘቲቭ ወደ ቻሲው (የአምፑ የብረት ሳጥን) ለአሥር ሰከንድ ያህል ማስነካት፣ ከዚያ በቴስተር ማረጋገጥ። ጥቂት ቆይቶ ድጋሚ ይለካ፤ ከፊሉ ቮልቴጅ ተመልሶ ይመጣል። በስክሩድራይቨር ብልጭ ማድረግ የባለሙያ ምልክት አይደለም።

50 ከሆነ ነገሩ ይበዛል። የቫልቮቹ ማሞቂያ 6.3 ቮልት ኤሲ ነው፤ ሁለቱ ሽቦዎች ተጠማዝዘው፣ ከሲግናል ሽቦ ርቀው፣ ቻሲውን ታክከው መሄድ አለባቸው። የማሞቂያው ሴንተር ታፕ ከሌለ ከእያንዳንዱ ሽቦ 100 ኦም ወደ ግራውንድ ይታሰራል፤ እነዚህ ሬዚስተሮች ተቃጥለው ከሆነ ጉምጉምታው ወዲያው ይመጣል። መሣሪያውን መልሳችሁ ስትሰኩ ደግሞ፣ ጊታሩን ወይም ክራሩን ወደ ጎን ስታዞሩት የሚቀያየር ድምፅ ከፒክአፑ ነው፤ ክሩን ስትነኩ የሚቀንሰው ደግሞ የሺልዲንግ ጉድለት። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የባያስ ሰፕላይ (ለፓወር ቫልቮቹ ነጌቲቭ ቮልቴጅ የሚሰጠው) አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሞገድ ስለሆነ የእሱ ካፓሲተር ሲደርቅ ድምፁ 50 ነው። ስለዚህ 50 የሰማ ሁሉ ፓወር ሰፕላዩን ነጻ አያውጣ።

ቦታውን ለማጥበብ ከፊት ጀምሮ የፕሪአምፑን ቫልቭ አንድ በአንድ ማውጣት ነው፤ አምፑ ጠፍቶ፣ ቫልቩ ቀዝቅዞ። የወጣው ቫልቭ ድምፁን ይዞት ከሄደ ችግሩ እሱ ጋ ወይም ከእሱ በፊት ነው። ምንም ካልተለወጠ ወደ ኋላ ማለፍ። ስፒከሩ ግን በምንም ምክንያት አይነቀል፤ ባለቫልቭ አምፕ ያለ ስፒከር ሲሠራ አውትፑት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። «ሽሽ» የሚለውና እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሸው ድምፅ ሌላ ዘር ነው፤ የቫልቩ ፕሌት (ሲግናሉ የሚወጣበት እግር) ላይ የታሰረውን 100 ኪሎ ኦም ካርቦን ሬዚስተር በሜታል ፊልም ይተኩ፣ የቫልቭ ሶኬቶቹንና ጃኮቹን በኮንታክት ክሊነር ይጥረጉ። ጣና ዳር ክረምቱን የከረመ ጃክ ይህን ይፈልጋል።

ሁለት እግር ስፒና ያለው አሮጌ አምፕ ከመብራቱ መስመር ወደ ቻሲው የተዘረጋ ካፓሲተር ሊኖረው ይችላል። 0.047 ማይክሮፋራዱ በ220 ቮልት 3 ሚሊአምፔር ያህል ያሳልፋል፤ ክሩን ሲነኩ የሚቆነጥጠው እሱ ነው። ሲሾርት ደግሞ ሙሉው 220 ይመጣል። ያ ካፓሲተር ይውጣ፣ በምትኩ ባለሦስት ሽቦ ገመድ ይግባ። ኧርዙ ራሱን ችሎ በብሎንና በጥርሳም ሮንዴላ ቻሲው ላይ ይጠበቅ፤ ገመዱ ቢጎተት መጨረሻ የሚበጠሰው እሱ እንዲሆን ከሁለቱ ሽቦዎች ትንሽ ይርዘም። ተሠርቶ ሲያልቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበራው ከ60 እስከ 100 ዋት የሆነ ባለክር አምፖል በመስመሩ ላይ በተከታታይ ተገጥሞ ነው፤ አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ሾርት አለ።

አምፑ የአሜሪካ 117 ቮልት ከሆነ፣ ከሱቅ የሚገዛው መቀነሻ ትራንስፎርመር ብዙውን ጊዜ አውቶትራንስፎርመር ነው፤ ከመብራቱ መስመር አይለይም፣ መውጫውም ኧርዝ ላይኖረው ይችላል። የአምፑ ትራንስፎርመር ላይ የተጻፈው 60 ኸርዝ ብቻ ከሆነ በ50 ላይ ይግላል፣ በዙሪያው የሚረጨው መግነጢስም ይጨምራል። የዚህ ጉምጉምታ መፍትሔ 50/60 የተጻፈበት ትራንስፎርመር መግጠም ነው፤ ከኧርዙ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።