በሕፃናቱ እርምጃ ልክ

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ሁሉ ቤት ሲውሉ ቀኑ ምን እንደሚመስል የትናንሽ ልጆች ወላጅ ያውቀዋል። ገና በደንብ ሳይነጋ አንዱ አልጋው ላይ ቆሞ ይጣራል። ሌላው ርቦታል። ሦስተኛዋ ትናንት የጠፋባትን አሻንጉሊት አሁኑኑ ካላገኘሁ ትላለች። ትንሹን አልብሰው ሳይጨርሱ ከወዲያኛው ክፍል ለቅሶ ይሰማል። ሄደው አስታርቀው ሲመለሱ የለበሰውን አውልቆ ጥሎታል። እኩለ ቀን ሳይደርስ ጉልበት አልቋል። መጽሐፍ ቅዱሱ ደግሞ ትናንት ከተቀመጠበት አልተነሣም።

በእንዲህ ያለው ወቅት ከእናቶች ደጋግሜ የምሰማው አንድ ነገር አለ። “ከጌታ ራቅሁ” ይላሉ። “የጸሎት ጊዜ የሚባል ነገር የለኝም። ትምህርት ቤት ይከፈት እንጂ እመለሳለሁ።” አባቶችም ይህንኑ ይላሉ። ሲናገሩት ሆድ ብሷቸው ነው።

ለእነዚህ ወገኖች የማነበው ክፍል ብዙ ጊዜ ሲሰበክ አንሰማውም። ዘፍጥረት 33 ላይ ያዕቆብ ለወንድሙ የሰጠው መልስ ነው።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ያዕቆብ ከአማቱ ከላባ ቤት ወጥቶ ወደ አገሩ እየተመለሰ ነው። ቀድሞ በረከቱን የወሰደበት ወንድሙ ዔሳው 400 ሰዎች አስከትሎ እየመጣበት ነው። ያዕቆብ ሌሊቱን በያቦቅ ወንዝ አጠገብ ከእግዚአብሔር ጋር ሲታገል አድሮ የጭኑ ሹልዳ ስለ ተነካ ያነክሳል። የተፈራው ግን አልሆነም። ወንድማማቾቹ ተቃቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ዔሳው፣ ተነሥተን አብረን እንሂድ፣ እኔም ከፊትህ እሄዳለሁ አለው። ያዕቆብ አልተስማማም። ልጆቹ ገና ለጋ ናቸው፣ የሚያጠቡ በጎችና ላሞችም አሉ፣ አንድ ቀን እንኳ አጣድፈው ቢነዷቸው መንጋው ያልቃል አለ። አንተ ቅደም፤ እኔ በመንጋውና በሕፃናቱ እርምጃ ልክ ቀስ እያልሁ እመጣለሁ አለው (ቁጥር 13-14)።

ስለ ያዕቆብ ልጆች ስናስብ ለብዙዎቻችን የሚታዩን ጢማቸውን ያወጡ የነገድ አባቶች ናቸው። እስቲ እንቁጠር። ያዕቆብ በላባ ቤት 20 ዓመት እንደ ኖረ ራሱ ተናግሯል (31፥41)። የመጀመሪያዎቹ 7 ዓመታት ያለ ሚስት አልፈዋል። ስለዚህ በኩሩ ሮቤል ያን ቀን ቢበዛ 12 ወይም 13 ዓመቱ ነው። ዮሴፍ የተወለደው ለሚስቶቹ የተገዛባቸው 14 ዓመታት ሲያልቁ ነውና 6 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። በሁለቱ መካከል 9 ወንዶች ልጆች አሉ፤ ዲናም አለች። ብንያም ገና አልተወለደም። ሁሉም ልጆች ናቸው! ማን ውሃ እንደ ጠማው፣ ማን እግሬን አመመኝ እንዳለ፣ ማን ማንን እንደ መታ አልተጻፈልንም። መገመት ግን አይከብድም።

አንዳንድ አስተማሪዎች ይህን መልስ እንደ ማምለጫ ያዩታል። ያዕቆብ ወደ ዔሳው አገር ወደ ሴይር እመጣለሁ ብሎ ወደ ሱኮት ነው የሄደው። አስተያየታቸው ተገቢ ነው፤ ዔሳውን ገና በሙሉ ልቡ አላመነው ይሆናል። ስለ ልጆቹ የተናገረው ግን እውነት ነበር። ሱኮት ሲደርስም ለራሱ ቤት ሠራ፤ ለከብቶቹም ዳስ ጣለ (33፥17)። እንዳለውም ቤተሰቡንና መንጋውን አሳረፈ።

ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲቀድም የኖረ ሰው ነው። ከማሕፀን ሲወጣ የወንድሙን ተረከዝ ይዞ ነበር። ብኩርናውን ቀደመ፣ በረከቱንም ቀደመ። ከዚያም ሸሸ። አሁን ግን እግዚአብሔርን ፊት ለፊት አየሁ ባለበት ሌሊት ማግስት፣ አንተ ቅደም እኔ ቀስ ብዬ እመጣለሁ ሲል እንሰማዋለን። ያዕቆብ ከታገለበት ቦታ ከጵንኤል የወጣው እያነከሰ ነው። የሚያነክስ አባትና ትንንሽ ልጆች እርምጃቸው ይገጥማል። ጌታ የሰበረን ቦታ ለልጆቻችን የሚመች ቦታ ሊሆን እንደሚችል ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር አስባለሁ።

“ከጌታ ራቅሁ” የሚለው ሰው ርቀቱን የለካው በየትኛው እርምጃ ነው? አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ሳይወልድ በነበረው እርምጃ ነው። ወይም ልጆቹ አድገው ከቤት በወጡለት ሰው እርምጃ። ጌታ ከፊት ሄዶ፣ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ አንድ ቦታ ቆሞ የሚጠብቀን ይመስለናል። ኢሳይያስ የሚያሳየን ጌታ ግን እንዲህ ያለ አይደለም፦ “መንጋውን እንደ እረኛ ያሰማራል፥ ጠቦቶቹን በክንዱ ሰብስቦ በብብቱ ይሸከማል፥ የሚያጠቡትንም በቀስታ ይመራል” (40፥11)። ለሚያጠቡት የተለየ አመራር አለው። በሆሴዕ 11 ላይም ስለ ራሱ ሲናገር ኤፍሬምን፣ ማለትም ሕዝቡን እስራኤልን፣ እጁን ይዞ መራመድ ያስተማረ አባት ሆኖ ይታያል። ልጅ መራመድ ሲማር ያየ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ያውቃል። ወገብ ጎንበስ ይላል፣ ጀርባ ያማል፣ መንገዱም አይገፋም። እግዚአብሔር ራሱን በዚህ ሥራ ላይ አሳየን።

ይህ ትምህርት በቤታችን የት ላይ ይውላል? በር ላይ ብታዩት ይገባችኋል። ልትወጡ ነው። ቦርሳው ተይዟል፣ ታላላቆቹ ደጅ ወጥተው ይጮኻሉ። ትንሹ ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ “እኔ ራሴ!” ይላል። ጫማውን ግራና ቀኙን አዛውሮታል። ማሰሪያውን ይስበዋል፤ ያመልጠዋል። ምላሱን በከንፈሩ ዳር አውጥቶ እንደገና ይስባል። በዚህ ጊዜ የእናት እጅ ማሰሪያውን ነጥቆ ለማሰር ይቸኩላል። አፍ ላይም አንድ ክፉ ቃል ይመጣል። የያዕቆብ ቃል የሚያስፈልገን እዚህች ደቂቃ ላይ ነው። ቀስ እያልሁ እመጣለሁ። ጎንበስ ብላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፤ በዚያው፣ “ጌታ ሆይ፣ በእርሱ እርምጃ አራምደኝ” በሉ። ይህ ጸሎት ነው፤ ሙሉ ጸሎት። ነህምያ ንጉሡ “ምን ትለምናለህ?” ሲለው መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ ሰማይ አምላክ ጸልዮአል (ነህምያ 2፥4)። ንጉሥ ፊት ቆሞ ስንት ቃል ሊናገር ይችላል? ተሰማለት ግን።

ቤት ውስጥ የምንጮኸው አብዛኛው ጩኸት ከጥፋታቸው ይልቅ ከእኛ ጥድፊያ የሚመጣ ይመስለኛል። ወተቱ የፈሰሰው ልጅ ስለሆነ ነው። እኛ የተቆጣነው ግን ስለዘገየን ነው። ጳውሎስ ልጆች ልባቸው እንዳይዝል አታስቆጡአቸው ያለው (ቆላስይስ 3፥21) እንዲህ ያሉትንም ቀናት ይመለከታል።

ቀስ ማለት ማለት ግን ልጆች ወደ ፈለጉበት ይምሩን ማለት አይደለም። እርምጃው የሕፃናቱ ነው፤ ወዴት እንደሚኬድ የሚወስነው ያዕቆብ ነው። የመኝታ ሰዓት አለ፤ እንቢ የሚባልበት ነገርም አለ።

ደግሞም ብቻን ከጌታ ጋር መሆን አያስፈልግም እያልሁ አይደለም። ማርቆስ 6ን አንብቡት። ሐዋርያት ለመብላት እንኳ ጊዜ አጥተው ስለነበር ጌታ ራሱ ኑና ጥቂት ዕረፉ ብሎ ይዟቸው ሄደ። ሕዝቡ በእግር ሮጦ ቀደማቸው። የታቀደው ዕረፍት ተበላሸ። ጌታ አላዘነባቸውም፤ አዘነላቸው፤ አስተማራቸው፣ አበላቸው። ሕዝቡን ካሰናበተ በኋላ ግን ሊጸልይ ወደ ተራራ ወጣ (ቁጥር 46)። ጸሎቱን አልተወውም፣ ወደ ምሽት አዛወረው እንጂ። ልጆቹ እንቅልፍ ሲወስዳቸው የምትቀር አንዲት ሩብ ሰዓት ካለች ስልኩ አይብላት።

እስከዚያው ግን ቀኑ ራሱ ከቃሉ ባዶ አይደለም። ስታጥቧቸው ሳሙና ዓይኑ የገባ ልጅ እያለቀሰ፣ ታላቁ ድንገት “እግዚአብሔር ይተኛል?” ብሎ ይጠይቃል። መዝሙር 121ን የምታውቁ ሰዎች ናችሁ። እስራኤልን የሚጠብቀው አይተኛም አያንቀላፋምም። ፎጣውን እንደያዛችሁ ንገሩት። ዘዳግም 6፥7 ቃሉን ስትቀመጥም፣ በመንገድ ስትሄድም፣ ስትተኛም፣ ስትነሣም አስተምራቸው የሚለው ለእንዲህ ያለው ሰዓት ነው። ልጆቹ ቤት በዋሉ ቁጥር እንዲህ ያለው ሰዓት ይበዛል።

አንድ ነገር ደግሞ ለቀረነው ጉባኤ፣ በተለይ ልጆቻችን ላደጉልን። ሙሴ በዘኍልቍ 11 ላይ በቃኝ ብሏል። ሞግዚት የሚጠባውን ልጅ እንደምታቅፍ እቀፋቸው ትለኛለህን፣ ይህን ሁሉ ሕዝብ ብቻዬን ልሸከም አልችልም ብሎ ሞትን እስኪለምን ደርሷል። እግዚአብሔር አልገሠጸውም፤ በርታም ብሎ አላለፈውም። ሸክሙን አብረውት የሚሸከሙ 70 ሽማግሌዎች ሰጠው። እንዲሁ ሞትን ለምኖ የተኛውን ኤልያስንም ከክትክታው ዛፍ ሥር መልአኩ ቀስቅሶ አበላው፤ ተመልሶ ሲተኛም ተወው፤ ከዚያ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው።

እኛ ግን ደክሟት የምናያትን እናት በርቺ፣ እንጸልይልሻለን ብለን እናልፋለን። “የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ንገሪኝ” ማለትም ብዙ አይረዳትም፤ ምን እንደሚያስፈልጋት ለማሰብ እንኳ ፋታ የላትም። ቀን ቆርጣችሁ ደውሉላት። “ሐሙስ ከሰዓት እመጣለሁ። ልጆቹን እኔ እይዛለሁ፤ አንቺ ግቢና ተኚ” በሏት። ቤቱ ተዝረክርኳል ብላ ታፍራለች። ግድ የለሽም ብላችሁ ሂዱ።