ለአየር ንብረት መሟገት የማን ሥራ ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዝናቡ እንደ ድሮው አለመሆኑን ለማሳመን ዛሬ ማንንም መከራከር አያስፈልግም። ገበሬው ያውቀዋል፤ የታክሲ ሹፌሩም ያወራዋል። ጭቅጭቁ የሚጀምረው «እሺ፣ እኛ በሰፈራችን ምን እናድርግ?» ሲባል ነው። ያኔ ምክንያት ይደረደራል። በየለቅሶ ቤቱም በየቢሮውም የምሰማቸው ተመሳሳይ ናቸው። አንዳንዶቹ ውስጥ እውነት አለ፤ እሱን መካድ አልፈልግም። ችግሩ ሁሉም መጨረሻቸው ዝምታ መሆኑ ነው።

«የበከሉት እነሱ ናቸው፤ እኛን ምን አገባን?»

የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው። አየሩን ከሚያሞቀው የዓለም የጋዝ ልቀት የኢትዮጵያ ድርሻ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ የከዳቸው የቦረና አርብቶ አደሮች ለዚህ ጣጣ ያዋጡት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከብታቸው ግን አለቀ።

ስህተቱ ያለው ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው። የተጎዳ ሰው ዝም ካለ ማን ይክሰዋል? ድሃ አገሮችና ትናንሽ ደሴቶች ለደረሰባቸው ጉዳት ካሳ ይከፈለን እያሉ ለሠላሳ ዓመት ያህል ጮኸዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ግብፅ ውስጥ ሻርም ኤል ሼክ ላይ በተደረገው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ የጉዳት ፈንድ እንዲቋቋም ተወሰነ። ገንዘቡ ገና ጥቂት ነው፤ ግን ማንም በደግነቱ ያመጣው አይደለም። ከእኛም ወገን ዶ/ር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። የእሳቸው ጉዳይ አየር ንብረት ሳይሆን ዘረ መላቸው የተለወጠ ሰብሎች ነበር። ሀብታሞቹ አገሮች ፊት ቆመው ለአፍሪካ ተከራከሩ፤ እንዲህ ያሉ ሰብሎች ከአገር አገር ሲዘዋወሩ ቁጥጥር እንዲኖር በሚያደርገው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በጸደቀው የካርታኼና ፕሮቶኮል (ዓለም አቀፍ ስምምነት) ላይ አሻራቸው አለበት። ቀጣዩ ተራ ደግሞ ደጃችን እየመጣ ነው። 32ኛው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2027 አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል።

«ችግኝ ተክያለሁ፤ ድርሻዬን ተወጥቻለሁ»

ይህ ከሁሉም የተለመደው ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። መትከል ጥሩ ነው። በሐምሌ የተተከለው ችግኝ በጥር ምን ላይ እንዳለ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ማን ያጠጣዋል? ከብት እንዳይገባ ማን ይጠብቃል? ዝርያውስ ለቦታው ይሆናል? ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ለገበሬውም ገንዘብ ነው፤ ምንጭ አጠገብ ሲተከል ግን ውኃውን ይመጥጠዋል።

ደን ሁልጊዜ በመትከል ብቻ አይመለስም። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ላይ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ አገግሟል። ዋናው ዘዴ መሬት ውስጥ የቀረውን ጉቶ ማዳን ነበር። ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ገበሬው ደህና ደህናውን ቡቃያ መርጦ ሌላውን ይቆርጣል፤ ከብትም እንዳይገባበት ይከለክላል። ይህ እንዲሆን ሰዎች ተሰብስበው «ይህ ተራራ ከዛሬ ጀምሮ አይነካም» ብለው መስማማት፣ ደንብ ማውጣት፣ የመጠቀም መብታቸውንም በሕግ ማስከበር ነበረባቸው። የማኅበረሰብ ተሟጋችነት ስል እንዲህ ያለውን ሥራ ማለቴ ነው።

ደቡብ ጎንደር ላይ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ተመልከቱ። ዙሪያው ሁሉ እርሻና ግጦሽ ሆኖ ቤተ ክርስቲያኑን የከበበው አጸድ ብቻ ቀርቷል። እሱም ከዳር ከዳር እየተበላ ነበር። የደን ምሁሩ ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ እና አሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ባለሙያ ማርጋሬት ሎውማን ከሳተላይት የተነሱ ምስሎችን ይዘው ለካህናቱ አሳዩ። ካህናቱ ደናቸው መመንመኑን ከላይ ሲያዩት መፍትሔውን ያመጡት ራሳቸው ናቸው፦ የድንጋይ ካብ። ገበሬው ለእርሻው እንቅፋት የሆነበትን ድንጋይ እየለቀመ አመጣ። ማሳው ጸዳ፤ ከብቱ ከካቡ ውጭ ቀረ፤ ውስጥ ያሉት ችግኞች ቀና አሉ። አንድ ምስል፣ አንድ ስብሰባ፣ ከዚያ የብዙ ሰው ጉልበት። ይህን ታሪክ የምወደው ማንም ማንንም ስላላዘዘ ነው።

«እንዲህ ያለ ነገር ፖለቲካ ውስጥ መግባት ነው»

ይህን የሚሉ ሰዎችን አልወቅስም። ፍርሃቱ ከመሬት አልበቀለም። ግን ሕጉ ምን እንደሚል እንወቅ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ በቀጥታ የሚነካችሁ ፕሮጀክት ሲታቀድም ሲሠራም ሐሳብ የመስጠት መብት ይሰጣችኋል።

ከሁሉም የሚገርመኝ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ነው። አንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ ጉዳዩ እኔን ይነካኛል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል አካል ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ወንዙ ሰፈራችሁን ባያልፍም መናገር ትችላላችሁ ማለት ነው።

መንገዱ ቀላል ነው አልልም። በ1999 ዓ.ም. አንድ የሲቪል ማኅበር የአቃቂንና የሞጆን ወንዞች ብክለት ይዞ ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር፤ ክሱ ውድቅ ተደረገ። ስለዚህ ከክስ አትጀምሩ፤ ከደብዳቤ ጀምሩ። «ጉዳዩ፦» ብላችሁ አንድ ጉዳይ ብቻ ጻፉ። ቦታውን በግልጽ አስቀምጡ፤ ከየትኛው ድልድይ በታች፣ በስንት ሰዓት፣ የውኃው ቀለም ምን ዓይነት፣ ሽታው እንዴት። ቀን ያለበት ፎቶ አያይዙ። ለወረዳው ጻፉና ከታች ለክፍለ ከተማውና ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ «ግልባጭ» አድርጉ። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱን መዝገብ ቤት ስጡ፤ በእጃችሁ የሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳይደረግበት አትውጡ። ያ ማኅተም ከሌለ አቤቱታ ማቅረባችሁን ማስረዳት ይከብዳችኋል። አዋጁ የሚለው 30 ቀን ግን አቤቱታው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ሲቀርብ ነውና እዚያም ማኅተም አስደርጉ።

«ሳይንቲስት አይደለሁም»

አያስፈልግም። በልግ ስንት ዓመት እንደከዳ፣ የትኛው ምንጭ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ የሚያውቁት እዚያው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ቁጥሩን ባለሙያ ይለካል። እናንተ ያያችሁትን በትክክል መዝግቡ፤ ያላያችሁትን አትጨምሩ። አንድ የተጋነነ ነገር ሲገኝ ሌላው እውነት ሁሉ አብሮ ይጣላል።

«ውይይት የሚጠሩን ለፎርማሊቲ ነው፤ ነገሩ አልቋል»

ብዙ ጊዜ እውነት ይመስላል። አበል አለ፣ ሻይ አለ፣ የተገኙ ሰዎች ፊርማ አለ፣ ከዚያ በቃ። ቢሆንም ላሙ የምትባለውን ደሴት ታሪክ ስሙ።

ላሙ በኬንያ ጠረፍ ያለች ጥንታዊ ደሴት ናት። በአካባቢዋ 1,050 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የድንጋይ ከሰል ጣቢያ ሊሠራ ፈቃድ ተሰጥቶ ነበር። ነዋሪዎቹ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጭምር፣ ተደራጅተው አቤት አሉ። ሰኔ 2011 ዓ.ም. የኬንያ ብሔራዊ የአካባቢ ጉዳዮች ችሎት ፈቃዱን ሰረዘው። ዋናው ምክንያት ሕዝቡ በሚገባ አልተመከረም የሚል ነው። ፎርማሊቲ የተባለው ውይይት ያን ትልቅ ፕሮጀክት ጣለው።

እኛም ጋ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና የሕዝብ አስተያየት እንዲሰበሰብ ያዛል። ስለዚህ ስብሰባ ስትጠሩ ሂዱ። ሪፖርቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የተናገራችሁት ቃለ ጉባኤው ላይ መስፈሩን ሳታዩ አትፈርሙ። ሳይነበብላችሁ ፈርሙ ካሏችሁ ያንንም በጽሑፍ ግለጹ።

«እኔ ፌስታል ትቻለሁ»

ጎበዝ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅም ፌስታልን ከልክሏል። ግን እናንተ ዘንቢል መያዛችሁ ሱቁን አይለውጠውም። ሰፈሩ ውስጥ ያሉት ባለሱቆች በምን ይተኩት? የወረቀት ከረጢት የሚሠሩ ወጣቶች የመሥሪያ ቦታ አላቸው ወይ? ይህን ወረዳው ላይ ማንሳት አንድ ሰው ብቻውን ከሚያደርገው ቁጠባ ይበልጣል።

«ለዚህ ሥራ ፈንድ ያስፈልጋል»

ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር መብት ነክ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። ብዙ ድርጅት ተዘጋ፣ ሌላውም ሥራውን ቀየረ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ያንን ገደብ አነሳው። አሁን ማኅበር ማቋቋም ይቻላል።

ግን እኔ መጀመሪያ የማየው እድራችሁን ነው። አባላት አሉት፣ ቋሚ የስብሰባ ቀን አለው፣ ብዙ ጊዜ ማኅተምም አለው፤ ከሁሉም በላይ ሰው ያምነዋል። የሚያዝያ ወይም የግንቦት ስብሰባ ላይ አንድ አጀንዳ ይያዝ፦ ክረምት ሳይገባ የሰፈሩ የጎርፍ ማስወገጃ ቱቦ ይጠረግ። ሁለት ወጣቶች የተደፈነበትን ቦታ ሁሉ እየዞሩ ፎቶ ያንሱ። የተበላሸውንም በዝርዝር ይጻፉ፤ ክዳን የሌለው፣ ግንባታ የዘጋው፣ ቆሻሻ የሚደፋበት። ደብዳቤው በእድሩ ስም፣ በእድሩ ማኅተም ለወረዳው ይግባ። መልስ ካልመጣ ሊቀመንበሩና ጸሐፊዋ በሦስተኛው ሳምንት አብረው ይሂዱና የገቢ ቁጥሩን ጠርተው ይጠይቁ።