«ፈጣን ባሩድ» ምንድን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ አንድ ቡና ቤት ተቀምጬ ሳለ ከጎኔ ያለ ወጣት ለጓደኛው ሲያስረዳ ሰማሁት። «አፈሙዙ ሲያጥር ባሩዱ ቶሎ ነድዶ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ለአጭር ጠመንጃ ፈጣን ባሩድ ነው። አለዚያ ግማሹ ሳይነድ ከአፈሙዙ ይወጣል።» አነጋገሩ የእርግጠኛ ሰው ነው። ይህችን አባባል በዚህ ወር ስሰማት ሦስተኛዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። የማስተምረው የቃጠሎ ኬሚስትሪ ነው። ልጁም በትሕትና «ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ እንዴ?» አለኝ። ተሳስቷል፤ ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም። እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች ባዶ ቀለህ ሰብስበው ራሳቸው መልሰው የሚሞሉ ተኳሾች ብዙ ናቸው። እነሱ ዘንድ የሚዘዋወር ወሬ ነው እዚህ ድረስ የደረሰው። (እኛ አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አለ፤ ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት ወንጀል ነው። የምጽፈው ቃሉን ለማጥራት ነው፣ ማንም ቤቱ ሄዶ እንዲሞክረው አይደለም።)

ጥቁሩ ባሩድ ከምን እንደሚቀመም፣ ጭስ አልባው እንዴት እንደተካው አልገባበትም። አያቶቻችን በውጅግራ የተኮሱት ጥቁሩን ነበር፤ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጭስ አልባው ነው።

«ፈጣን» የሚባለው ጥይቱ አይደለም። ባሩዱ በዝግ ቦታ ሲነድ ጋዙን በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሚለቅ የሚናገር ቃል ነው፤ ያውም ከሌላ ባሩድ ጋር ሲነጻጸር ብቻ። ፋብሪካዎች የሚያወጡት ሰንጠረዥ የደረጃ ቅደም ተከተል እንጂ የፍጥነት መለኪያ አይደለም፤ አሥረኛው ከአምስተኛው በእጥፍ ይዘገያል ማለት አይቻልም። ፍጥነቱን የሚወስነው የቅንጣቷ መጠን፣ ቅርጿ፣ ቀዳዳ ያላት መሆን አለመሆኗ፣ ላይዋ የተቀባችው ማዘግያ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ግፊቱ አለ። ጭስ አልባውን ባሩድ በ1884 እ.ኤ.አ. የሠራው ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ፣ ግፊቱ ሲጨምር ቃጠሎውም እንደሚፈጥን በቀመር አስቀምጦታል። ስለዚህ «ዘገምተኛ» የተባለው ባሩድ ከባድ አረር ከፊቱ ካፈነው ይፈጥናል። የባሩድ ፍጥነት እንደ ሰው ቁመት የማይለወጥ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት። መስቀል አደባባይ ላይ ሞተሯ የጠፋ መኪና አስቡ። ወደ ለገሀር እንግፋት፤ መንገዱ ሜዳ ነው። መኪናዋ አረሩ ናት፣ መንገዱ አፈሙዙ፣ ገፊዎቹ ባሩዱ። የኋላ መከላከያዋ ግን ከተወሰነ ጉልበት በላይ ከተገፋ ይሰበራል፤ ይህ የጠመንጃው የግፊት ጣሪያ ነው። ፈጣን ባሩድ አንዴ በኃይል ገፍትሮ ወዲያው የሚደክም ጎረምሳ ነው። ዘገምተኛው ደግሞ መከላከያው እስከሚችለው ድረስ ገፍተው፣ መኪናዋ ስትንቀሳቀስም እጃቸውን ሳያነሡ የሚከተሉ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ወገን የደረሱበት ከፍተኛ ጉልበት አንድ ነው፣ ምክንያቱም መከላከያው ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ለገሀር ስንደርስ የሦስቱ መኪና ትቀድማለች፤ በዚህ ማንም አይከራከርም።

ወንድማችን የሚለው፣ መንገዱን ስታዲየም ላይ ብንቆርጠው ጎረምሳው ያሸንፋል ነው። ለምን? ጎረምሳው ከገፈተረ በኋላ ባሉት ሜትሮች ሁሉ ሦስቱ ከእሱ የበለጠ እየገፉ ነው። ስታዲየም ላይ ልዩነታቸው ይጠባል፣ ቀዳሚው ግን አይለወጥም። ጎረምሳው እንዲቀድም መንገዱ ከመስቀል አደባባይ ሳንወጣ ማለቅ አለበት፤ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ደግሞ ሽጉጥ ነው። ጎረምሳው ላይ ሌላ ጎረምሳ እንጨምር ብትሉ ደግሞ መከላከያው ይሰበራል፤ በእውነተኛው ጠመንጃ ይህ ማለት ተኳሹ ፊት ላይ የሚፈነዳ ብረት ነው። ፈጣን ባሩድ ጥቂት ስለሆነ በትልቅ ቀለህ ውስጥ በስሕተት ሁለቴ ቢጨመር እንኳ ሞልቶ አይፈስም፣ ዓይንም አይጠራጠርም። ሰው ዓይኑን ያጣው በዚህ ነው።

ምሳሌውን ትቼ ቁጥር ላምጣ። የክላሽንኮቭ ዝርያ የሆነው ኤኬ-74 ጠመንጃ አፈሙዙ 41.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አረሩ በሰከንድ 900 ሜትር ገደማ ይወጣል። አጭሩ ወንድሙ ኤኬኤስ-74ዩ አፈሙዙ ከ21 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ሲሆን ፍጥነቱ 735 ሜትር ነው። ሁለቱ የሚጎርሱት ያንኑ ጥይት ነው። ርዝመቱ በግማሽ ሲቆረጥ ፍጥነቱ አንድ አምስተኛ እንኳ አልቀነሰም። የአረሩ ጉልበት አንድ ሦስተኛውን አጥቷል፤ ይህን አልክድም፣ ትንሽም አይደለም። ነገር ግን ባሩዱ ግማሹ ሳይነድ የሚወጣ ቢሆን ከዚህ እጅግ የከፋ ነበር። ግፊቱ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው አረሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር እንደሄደ ነው፤ አብዛኛው ባሩድም የሚነደው በመጀመሪያው የጉዞው ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ የሚገፋው የሚሰፋው ጋዝ ነው። አፈሙዙን ስትቆርጡ በዋናነት የምትቆርጡት የጋዙን መስፊያ ነው።

«እሳቱስ?» አለኝ ልጁ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ከአጭር ጠመንጃ አፍ የሚወጣው ነበልባል ያስፈራል፣ ሰውም ያልነደደ ባሩድ ውጭ ወጥቶ የነደደ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ባሩድ ኦክስጅኑን በውስጡ ይዞ ነው የሚነደው፣ ነገር ግን ለሙሉ ቃጠሎ የሚበቃውን ያህል አይደለም። ስለዚህ ነድዶ ያለቀ ባሩድ እንኳ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ይተዋል፤ ሁለቱም ተቀጣጣይ ናቸው። አፈሙዙ ሲያጥር ይህ ጋዝ ገና እንደጋለና እንደታፈነ ይወጣና ከውጭው አየር ጋር ሲገናኝ ይቀጣጠላል። ፋብሪካዎች ይህን ለማብረድ የፖታሲየም ጨው ይቀላቅላሉ። የተራራማ አገር ሰው ስለሆንን አንድ ነገር ልጨምር፦ አዲስ አበባ ላይ አየሩ ሳስቶ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፣ ባሩዱ ግን ቀለህ ውስጥ ሲነድ የአየሩ መሳሳት አይነካውም። ሙቀት ግን ይነካዋል። በሐምሌ ብርድ እዚህ ልኩ የተወሰደ ጥይት አፋር በረሃ ፀሐይ ላይ ከዋለ ግፊቱ ይጨምራል፤ ጣሪያው ድረስ የተሞላ ከሆነ አደጋ ነው።

የመጨረሻው መከራከሪያ «ሦስት መቶ ብላክአውት» የሚባለው ጥይት ነው። በአጭር አፈሙዝ በደንብ ይሠራል፣ የሚሞላውም የትልልቅ ሽጉጦች ፈጣን ባሩድ ነው፤ ታዲያ ነገሩ ተረጋገጠ ይባላል። መንስኤና ውጤት እዚህ ላይ ተገላብጠዋል። የተለመደው የኔቶ ጥይት 5.56 ሚሊ ሜትር አረር በ45 ሚሊ ሜትር ቀለህ ነው፤ ይሄኛው ወፍራም 7.62 አረር በ35 ሚሊ ሜትር ቀለህ ነው። ቀለሁ ትንሽ፣ የአፈሙዙ ቱቦ ሰፊ። አረሩ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ከኋላው የሚከፈተው ቦታ ብዙ ስለሆነ፣ ባሩዱ ካልፈጠነ ግፊቱ አይነሣም። ያንኑ ጥይት በረጅም አፈሙዝ ብትተኩሱትም የሚፈልገው ያንኑ ባሩድ ነው።

ባሩድ የሚመረጠው በቀለሁ መጠን፣ በአረሩ ክብደትና በቱቦው ስፋት ነው፤ ልኩም የሚወሰደው ፋብሪካው በግፊት መለኪያ ፈትኖ ካወጣው መጽሐፍ ብቻ ነው። የአፈሙዙ ርዝመት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሁለት ባሩዶች በሁሉም ነገር ከተቀራረቡ፣ ለአጭሩ ጠመንጃ ነበልባሉ ያነሰው ይሻላል። በጋዝ የሚሠራ፣ ማለትም ከአፈሙዙ በቀዳዳ ጋዝ ወስዶ ራሱ ቀጣዩን ጥይት የሚያጎርስ መሣሪያ ከሆነ ደግሞ አረሩ ያንን ቀዳዳ ሲያልፍ ምን ያህል ግፊት እንደሚኖር ይታያል። አሜሪካኖች በቬትናም ጦርነት ጊዜ የኤም-16 ጠመንጃቸውን የባሩድ ዓይነት ሲቀይሩ መሣሪያው ከልክ በላይ እየፈጠነና እየቆሸሸ መጨናነቅ የጀመረው በዚህ በኩል ነበር፤ አፈሙዙ ግን አንዲት ሚሊ ሜትር እንኳ አላጠረም ነበር።